የጀልባዋ ቀኝ

ጎንደር ላይ ተቀምጦ የጀልባ ሞተር መሥራት ደጋ ላይ አሣ እንደ ማጥመድ ነው ትለኝ ነበር ባለቤቴ። እውነቷን ነው። እኔ የወገራ ሰው ነኝ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ውኃን የምናውቀው በረዶ ሆኖ ገብሱን ሲደበድብ ነው። ዋና አልችልም፤ ልማርም አላሰብኩም። በጎልማሳነቴ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፣ እሱም ፊደል ነው። እሱ ያመጣብኝ ጣጣ ይበቃኛል።

አራዳ ውስጥ፣ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ ጋራዥ አለኝ። አለኝ ስል ተከራይቼ ነው። የወፍጮ ሞተር እፈታለሁ፣ የጭነት መኪና ካምቢዮ አወርዳለሁ፣ የሰው ስድብ እሰማለሁ። የቤቱ ባለቤት ግራ ጌታ ናቸው። ይህ ስማቸው አይደለም፣ ማዕረጋቸው ነው። ማኅሌት ሲቆም ካህናቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይሰለፋሉ፤ የቀኙን ረድፍ የሚመራው ቀኝ ጌታ፣ የግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ይባላል። እኚህ ሰው ቁስቋም አካባቢ ተወልደው፣ ዜማውን ጠጥተው፣ ግራ ጌታ እስከ መሆን ደረሱ። ከዚያ ሰሊጥ ንግድ ውስጥ ገቡና ቤት ላይ ቤት ገዙ። ማኅሌቱን ተዉት፤ ማዕረጉን ግን አልመለሱም። ቀኝ ጌታ ሳይሆኑ መቅረታቸው ዛሬም ይቆረቁራቸዋል የሚሉ አሉ። ከሚሉት አንዱ እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት ከጋራዤ በር ላይ ቆሙ። ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ዘይቱ ጋቢያቸውን ይነካዋል።

«ጣና ላይ ጀልባ እያሠራሁ ነው፤ ጎርጎራ» አሉኝ።

«ሸጋ ነው።»

«ባለ ሁለት ሞተር።»

«ምነው ሁለት?»

«አንዱ ውኃ መሐል ቢቆም በሌላው እንድትመለስ ነዋ። ደግሞስ ማኅሌት በአንድ ረድፍ ይቆማል?»

ሞተሮቹን የምሠራው እኔ እንደሆንኩ ነገሩኝ። የጀልባ ሞተር ነክቼ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ሞተር ሞተር ነው አሉ። ይህን የሚል ሰው ሁልጊዜ ሞተር የማያውቅ ሰው ነው። ቀጥለውም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእኔ ያዘኑ መስለው፣ ዋናውን ነገር አመጡት።

«አንድ ሰው ይቺን ቤት ለኬክ ቤት ጠይቆኛል። መስታወት አስገባለሁ፣ በረንዳ አወጣለሁ ይላል። እኔ ግን ለቆየ ሰው አደላለሁ። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ከሄደች ቤቱ ካንተ አይወጣም። ካልሄደች ደግሞ ያው ኬኩ ይገባል።»

«ቀጥ ብላ ማለት?»

«ቀጥ ብላ ማለት ቀጥ ብላ ነው። አማርኛ አይደለም?»

በሳምንቱ የኬኩ ሰውዬ ሜትር ይዞ መጣ። እኔ መኪና ሥር ተኝቻለሁ። እግሬን ተራምዶ ግድግዳውን ለካ። «እዚህ ጋ ፍሪጁ፣ እዚህ ጋ ደግሞ ወንበር» ይላል ለራሱ። ወንበር የሚለው ቦታ የብየዳ ማሽኔ የቆመበት ነው። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ የሚሽከረከር ነገር ስታይ ስለምትውል ለሞተር ያላት ክብር ትንሽ ነው።

«ኬክ ቢያንስ ይበላል» አለችኝ።

«ጋራዡ ከሄደ እኛ የምንበላው ምንድን ነው?»

«እኔማ ደሞዝ አለኝ። አንተን ነው የማስበው» አለችና ሣቀች። ሣቋ ብዙም አልቆየ። ከተማው ውስጥ ለጋራዥ ቤት የሚያከራይ ሰው እንደሌለ ታውቃለች። ከአራዳ ከወጣሁ ወይ ከከተማ ዳር መንገድ ላይ ላስቲክ ወጥሬ ጎማ እነፋለሁ፣ ወይ ወገራ ተመልሼ ለወንድሜ አጫጅ እሆናለሁ። ወንድሜ ደግሞ ይህን ቀን ለረጅም ጊዜ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።

ሞተሮቹ መጡ። ባሕር ዳር ከተሸጠ አሮጌ ጀልባ ላይ የወረዱ ናቸው። ሁለቱ እንደ መንታ አንድ ናቸው፣ ችግሩም ይኸው ነው። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ። ፕሮፔለር፣ ያ ውኃ የሚገፋው ባለ ቅጠል ብረት፣ ጀልባዋን ወደ ፊት ብቻ አይገፋም፤ ኋላዋን ትንሽ ወደ ጎንም ይጎትታል። ሁለት ፕሮፔለር ወደ አንድ ወገን ከዞረ ጎተታው ይደመርና ጀልባዋ እንደ ሰካራም ወደ አንድ ጎን ትሄዳለች። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ከዞረ ግን ይጠፋፋሉ። ስለዚህ የቀኙ ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ፣ ቅጠሎቹ ከላይ ወደ ውጭ እንዲዞሩ ማድረግ ያስፈልጋል። ሞተሩን ራሱን በተቃራኒ የሚዞር መግዛት ይቻላል። ግራ ጌታ ግን ገዝተው ጨርሰዋል።

ቀሪው መንገድ ካምቢዮው፣ የማርሹ ሣጥን፣ ነው። ከሞተሮቹ ጋር የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሽበት ካበቀለ በኋላ፣ አንዱ ነጋዴ የፍሬን ዘይት ብሎ ሌላ ነገር ከሸጠልኝና ጣሳውን ማንበብ ባለመቻሌ ከተናደድኩ ወዲህ ነው። በማታው ትምህርት አማርኛውን ጨረስኩ፤ እንግሊዝኛውን በጣቴ እየተከተልኩ፣ በስልኬ እያስተረጎምኩ እወጣዋለሁ። መጽሐፉ እንደሚለው በኋላ ማርሹ ቀኑን ሙሉ ብትነዳው የሚቃጠል ካምቢዮ አለ፤ ወደ ሁለቱም ወገን እኩል ጭነት የሚችል ደግሞ አለ። የእኛ የሚችለው ነው። እንግዲህ የግራውን ሞተር የማርሽ ኬብል ገልብጬ ብይዘው ነጂው ወደ ፊት ሲገፋ ካምቢዮው የኋላውን ያስገባል፤ የግራው ፕሮፔለር ወደ ግራ ይዞራል። ፕሮፔለሩም የግራ ጠመዝማዛ ያለው መሆን አለበት፤ ያለዚያ ወደ ፊት ሲሉት ወደ ኋላ ይገፋል።

ለግራ ጌታ ይህን ሳስረዳቸው ዓይናቸው በራ።

«ወረብ ነው እኮ!» አሉ። «ቀኙ ወደዚህ፣ ግራው ወደዚያ። አንተ ሳታውቀው አቋቋም እየሠራህ ነው።»

«እኔ ካምቢዮ ነው የምሠራው።»

«ያው ነው።»

ፕሮፔለሮቹ ኋላ ነው የመጡት፣ በሣጥን። እኔ ለወፍጮ ሥራ ወጣ ብያለሁ። ስመለስ ሁለቱ ከጋራዡ በር ላይ ተቀምጠዋል፤ እምብርታቸው ላይ በቀይ ቀለም አንዱ «ቀ»፣ አንዱ «ግ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ብራና ላይ የሚጻፍ ዓይነት ፊደል ነው፤ ሸጋ፣ እግሩ የተስተካከለ። ግራ ጌታ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን በነዳጅ ያብሳሉ።

«እንዳይምታታብህ ብዬ ነው» አሉኝ።

አመሰገንኳቸው። ደስም አለኝ፣ አልዋሽም። ድሮ ፊደል ሳላውቅ ቢሆን ቅጠሉን በመዳፌ ዳብሼ፣ ጠመዝማዛው ወዴት እንደሚያጋድል አይቼ፣ ቀኙን ከግራው እለይ ነበር። አሁን ግን ያነበብኩ ሰው ነኝ። የተጻፈ ነገር እያለ ብረት የሚዳብስ መሃይም ነው።

ጎርጎራ ወረድን። ጀልባዋ ከዳር፣ በግንድ ላይ ተቀምጣለች፤ የብረት ሆዷ ቀለም ጠግቧል። ነጂዋ ሐይቁ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፤ አያ እላቸዋለሁ። ሞተሮቹን አሰርን፣ ኬብሎቹን አጠበቅን፣ አስነስቼ ዘንጎቹን አየሁ። ከኋላ ቆሜ ሳይ የቀኙ ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ይዞራል። እንደ መጽሐፉ። ከዚያ «ቀ» ያለውን በቀኙ ዘንግ፣ «ግ» ያለውን በግራው ዘንግ አጠለቅን።

አያ የቀኙን ቅጠል ትንሽ አዩት፣ ራሳቸውን ወዘወዙ።

«ይቺ የተጣመመችበት ወገን አልጣመኝም» አሉ።

«ተጽፎበታል እኮ አያ።»

«እሱስ ይሁን። እኔ ማንበብ አልችልም።»

ጀልባዋ ውኃ ገብታ የምትመረቅበት ቀን ግራ ጌታ ከጎንደር ካህናት ይዘው መጡ፤ የድሮ የማኅሌት ጓደኞቻቸው ናቸው። ነጭ ለብሰው፣ ጥላ ይዘው፣ ጀልባዋ ላይ ተሳፈሩ። አንደኛው ቄስ ከፊት ቆመው ጸበል ረጩ። ግራ ጌታ በሰው ሁሉ ፊት፣ ድምፃቸውን ለማኅሌት እንደሚያወጡት አውጥተው፣ «ይህ ሰው የተባረከ እጅ አለው። ጀልባዬ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ቀጥ ብላ ከሄደች ቤቴ ቤቱ ነው ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ፤ እናንተ ምስክር ናችሁ» አሉ። ካህናቱም ምስክር ነን አሉ። እኔ ሞተሮቹ አጠገብ ተቀምጬ የመንሳፈፊያ ጃኬቴን እያጠበቅሁ ነበር። ከሁሉ ሰው ጃኬት የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አያ ሁለቱን ማርሽ ወደ ፊት ገፉ። ነዳጅ ሰጡ።

ጀልባዋ ሄደች። አንድ ጣት እንኳ ወደ ጎን ሳታጋድል፣ በገመድ እንደ ተወጠረ መስመር፣ ወደ ኋላ ሄደች። ኋላችን ያለው ደንገል ነው። ደንገሉ ውስጥ ገባን፤ የጸበሉ ቄስ ቁጭ አሉ፤ ሳይወዱ ነው የተቀመጡት። አንዱ ጥላ ውኃ ውስጥ ገባና ራሱን ችሎ ተንሳፈፈ፤ ከእኛ ይልቅ እሱ ወደ ፊት ሄደ። አያ ሞተሮቹን አጠፉ።

ከዚያ አያ ዞር ብለው፣ «ማርሹን ወደ ኋላ ስስብ ወደ ፊት ትሄዳለች ማለት ነው። በቃ እንዲህ አድርጌ እነዳታለሁ፤ ምን ቸገረኝ» አሉ።

እኔ በጎኗ ተንጠልጥዬ እጄን ውኃ ውስጥ ከተትኩ። የቀኙን ፕሮፔለር ቅጠል ዳበስኩት። የግራ ጠመዝማዛ ነው። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ርሶ ተነሣሁ።

«ግራ ጌታ፣ ሻጩ ስለ ፕሮፔለሮቹ ምን ብሎ ነበር የነገረዎት?»

«ይሄኛው ከኋላ ቆመህ ስታይ የቀኙ ነው አለኝ።»

«እና "ቀ" ብለው ጻፉበት?»

«ለምን ብዬ? "ግ" ብዬ ነው የጻፍኩበት እንጂ!»

ግራ ጌታ እንደ ማስተማር ጣታቸውን አነሡ።

«ከኋላ ቆሞ ማየት የምእመን አቋቋም ነው። የጀልባ ፊቷ መቅደሷ ነው፤ ቀኝ የሚቆጠረው ከመቅደስ ወደ ሕዝቡ ነው። ስለዚህ እሱ ቀኝ ያለው በሥርዓቱ ግራ ነው። ሰውዬው የንግድ ሰው ነው፣ አያውቅም፤ እኔ አርሜ ጻፍኩልህ።»

«አርመው ጻፉልኝ!»

«አዎ።»

እኔ አሁን ነው የምሰደበው ብዬ ስጠብቅ፣ ካህናቱ ግን ከእኔ ይልቅ በጉዳዩ ተያዙ። አንደኛው፣ «የለም፣ ቀኝ ወደ ምሥራቅ ከቆመ ሰው ነው የሚቆጠረው» አሉ።

«በእናንተ ደብር ይሆናላ!» አሉ ግራ ጌታ።

«እናንተ ደብር ቀኙ የት ነበር ታዲያ?»

«ቀኝ ጌታ የቆመበት ነዋ።»

«ቀኝ ጌታው የት ነበር የሚቆም?»

«ከእኔ ፊት ለፊት!»

«ያንተማ ቀኝ ሁልጊዜ ፊት ለፊትህ ነው» አሉ ጸበሉን የረጩት ቄስ፣ ቀሚሳቸውን እየጨመቁ፤ ካህናቱ ሁሉ ሣቁ። ግራ ጌታ አልሣቁም። አያ ደንገሉን በእጃቸው እየገፉ፣ «አባቶቼ፣ የጉማሬ ቀኝ ከየት እንደሚቆጠርም ብትነግሩኝ፤ እዚህ ደንገል ውስጥ አንዳንዴ አይጠፋም» አሉ። ክርክሩ ወዲያው አለቀ።

ፕሮፔለር ለማቀያየር ጀልባዋ በሰው ጉልበት፣ በግንድ ላይ ተጎትታ መውጣት አለባት። ኬብል ግን ባሉበት ይቀየራል። ካቻቢቴና ቁልፍ ይዤ ሞተሮቹ መሐል ገባሁ፤ የግራውን ኬብል ወደ መደበኛው መለስኩ፣ የቀኙን ገለበጥኩ። አሁን የቀኙ ፕሮፔለር ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ይዞራል። ቅጠሎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ ዓይን ለዓይን እንደሚተያዩ ሸዋራ ዓይኖች። አያ ማርሹን ወደ ፊት ገፉ፤ ወደ ፊት ሄድን። ቀጥ ብለን። አንዷ ደሴት ደርሰን ተመለስን፤ ካህናቱ ዘመሩ፤ የተንሳፈፈውን ጥላም አገኘነው።

ጉዱ የመጣው ወደብ ስንደርስ ነው። ሁለት ሞተር ያላት ጀልባ ጠባብ ቦታ የምትዞረው በመሪዋ አይደለም፤ አንዱን ሞተር ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ታደርጋለህ፣ ባለችበት ትሽከረከራለች። ቅጠሎቹ ወደ ውጭ ሲዞሩ ያ የጎን ጎተታ መዞሩን ያግዘዋል። ወደ ውስጥ ሲዞሩ ይቃረነዋል። አያ አንዱን ገፉ፣ አንዱን ሳቡ፤ ጀልባዋ አሰበች። ነዳጅ ጨመሩላት፤ አሁንም አሰበች። በመጨረሻ በጎኗ ሄዳ የወደቡን ድንጋይ ሳመችው። አያ ሁለቱንም አጥፍተው በረጅም እንጨት እየገፉ አስጠጓት።

«ይቺ በቅሎ ናት» አሉኝ በጆሮዬ።

ወረድን። ልቤ እዚያው ድንጋዩ ላይ ነው። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ፕሮፔለሮቹን ማቀያየር ነው፣ አንድ ከሰዓት ይበቃል፣ ልል ነው። ግራ ጌታ ቀደሙኝ።

«ቀጥ ብላ ሄዳለች ወይስ አልሄደችም?» ብለው ካህናቱን ጠየቁ።

«ሄዳለች።»

«እንግዲያው ቃሌ ቃል ነው። ቤቱ ካንተ አይወጣም።»

ካህናቱ መረቁኝ። ያ የኬክ ሰውዬ አብሮ መጥቶ ነበር፤ እሱም ጨበጠኝ። እኔም እጅ ነሣሁ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ገብቶኛል። አልሄደችም ቢሉ ኖሮ ምክንያቱን ሊናገሩ ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ በቀይ ቀለም፣ በራሳቸው ሸጋ እጅ ተጽፏል። ጓደኞቻቸው ፊት ቀኝና ግራ የማይለይ ግራ ጌታ ከመሆን ቤት ማከራየት ይሻላቸዋል። ቤቱን ያዳነልኝ የእጄ ሥራ ሳይሆን የእሳቸው ኩራት ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት፣ «በምንም ይሁን፣ ብየዳህ ካልተነሣብህ ምን አገባህ?» አለችኝ። ያገባኛል። እንዴት እንደሚያገባኝ ግን ለልብስ አጣቢ ማሽን ማስረዳት አልችልም አልኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ክረምት መግቢያ ላይ ጀልባዋ ቀለም ልትቀባ ከውኃ ወጣች። ጊዜው ይሄ ነው ብዬ ግራ ጌታ ቤት ሄድኩ።

«ከወጣች አይቀር ፕሮፔለሮቹን ላቀያይራቸው» አልኳቸው።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑ። ግራና ቀኛቸው...»

«ቀጥ ብላ ትሄዳለች ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ትሄዳለች፤ ወደብ ላይ ግን አትዞርም። ከተሠራችም ጀምሮ ልክ አልነበረችም።»

ግራ ጌታ ፈገግ አሉ። እንዲህ ፈገግ ሲሉ አይቻቸው አላውቅም።

«ከተሠራችም ጀምሮ ልክ አልነበረችም?» አሉ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ዜማ እየጎተቱ። «ይህንን ከልብህ ከሆነ የምትለው፣ እኔ አላስገድድህም። ሰው ሥራው እንዳልተሳካ ራሱ ከመሰከረ ይመሰገናል። ቃላችን ግን ምን እንደነበር ታስታውሳለህ።»

በሩ አጠገብ ቆሜ አሰብኩ። ወደ ውስጥ አላስገቡኝም፤ የእኔም ዘይት ምንጣፋቸውን ይነካል።

«ተሳስቼ ነው» አልኩ። «ሸጋ ናት። ልክ ናት።»

«እኔም ብያለሁ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ሥራዬ ጣና ላይ በስህተት እየዞረ ይኖራል። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ሰው የሚያደንቀው እሱን ነው፤ እንዳላርመው የተከለከልኩትም እሱን ብቻ ነው። ወፍጮ የሚያሠሩ ሰዎች ከደምቢያ ድረስ ይመጣሉ፤ «የጀልባዋ ሰውዬ አንተ ነህ?» ይሉኛል። ነኝ እላለሁ። ዋጋ አይከራከሩኝም።

አያ ግን ይደውሉልኛል። ሰሞኑንም ደወሉ። ከበስተኋላቸው ሞተሩ ይሰማኛል፣ የሰው ጩኸትም ይሰማኛል።

«ምነው አንተዬ፣ ዛሬም ድንጋዩን ገጨኋት! ተሳፋሪ ሊበላኝ ነው። መጥተህ አታስተካክላትም?»

«አልችልም አያ።»

«አታውቅም ወይስ አትችልም?»

በጋራዡ በር በኩል ግራ ጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቆመው፣ ከአንድ ባለ ወፍጮ ጋር ስለ ጀልባቸው ያወራሉ። ጆሯቸው ወደ እኔ ነው።

«አያ፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች?» አልኩ ጮክ ብዬ።

«እሱማ ትሄዳለች።»

«እንግዲያው ምንም የላትም» አልኩና ዘጋሁት።